ውሃን ቀስ የሚያሰኝ ካብ

ከውቅሮ ወደ ምዕራብ የሚሄድ ጎብኚ ዓላማው አብዛኛውን ጊዜ የአብርሃ ወአጽብሃ ቤተ ክርስቲያን ነው። ከአለት የተፈለፈለውን ዓምድና በጣሪያው ላይ የተቀረጸውን መስቀል አይቶ፣ አፉን ይዞ ይመለሳል። አይፈረድበትም። ግን በዚያው መንደር ዳገት ላይ ቆሞ የሚያየው ያጣ ሌላ የድንጋይ ሥራ አለ፤ እርከኑን ማለቴ ነው።

የ1977ቱ ድርቅ ትግራይንና ወሎን ምን እንዳደረገ ለአማርኛ አንባቢ መንገር አያሻም። አብርሃ ወአጽብሃ ከዚያም በኋላ ቢሆን አልቀናውም፤ አፈሩ ታጥቦ፣ ምንጩ ነጥፎ፣ ነዋሪው ሌላ ቦታ ሄዶ ይስፈር እስከ መባል ተደርሶ ነበር። ሰዉ ግን አባ ሐዊ በሚባሉት በገብረሚካኤል ግደይ አስተባባሪነት እዚያው ቀርቶ ተራራውን ማከም ያዘ። ውሃው ተመልሶ በጉድጓድ መውጣት ጀመረ፤ በ2004 ዓ.ም. መንደሩ የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም የሚመራውን የኢኳተር ሽልማት አገኘ። ስለ ሽልማቱ ብዙ ተብሏል። እኔን የሚስበኝ እንዲህ ያለውን ካብ የሚክበው እጅ ነው።

ሥራው በድንጋይ አይጀመርም፤ በገመድ ነው የሚጀመረው። ቁመታቸው እኩል የሆነ ሁለት እንጨት፣ በመካከላቸው የተወጠረ አሥር ሜትር ያህል ሲባጎ፣ ከሲባጎው መሐል የተንጠለጠለች ትንሽ ውሃ ልክ። ሁለት ሰዎች እንጨቱን ይይዛሉ፤ ሦስተኛው አጎንብሶ አረፋዋን ያያል። ወደ ላይ፣ ትንሽ ወደ ታች፣ በቃ! አረፋዋ መሐል ላይ ስትቆም ካስማ ይተከላል፣ እንጨቱም ወደሚቀጥለው ቦታ ያልፋል። ይህን ጊዜ ማባከን አድርጎ የሚያይ ሰው አጋጥሞኛል። ነገር ግን ካቡ አንድ ቦታ ላይ አራት ጣት ዝቅ ቢል ውሃ አይስተውም፤ ከግራም ከቀኝም ተጠራርቶ እዚያው ይከማችና ንዶት ይወጣል። በማግስቱ እርከን ካልነካው ማሳ የባሰ ቦረቦር ይጠብቃችኋል።

ከዚያ መሠረቱ ይቆፈራል፤ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል። ትልልቁ ድንጋይ ከሥር ገብቶ ወደ ዳገቱ ዘመም ይላል። ከመሬት በላይ ያለው ፊትም ቀጥ ብሎ አይወጣም፤ ሦስት እጅ ከፍ ሲል አንድ እጅ ወደ ኋላ ይሸሻል። የካቡ ሠሪ ሙያ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ችኩሉ የድንጋዩን ሰፊ ጎን ወደ ውጭ ያዞረዋል፤ ሲያዩት ያምራል፣ ቶሎም ያልቃል። ጎበዙ ረጅሙን ጎን ወደ ውስጥ አስገብቶ ጫፉን ብቻ ያሳያል። ቀጥሎ የሚመጣው ድንጋይ በሁለቱ መጋጠሚያ ላይ ይሰየማል፣ ክፍተቱ በስንጥር ድንጋይ ይወጠራል፣ ጠጠሩ ከኋላ ይሞላል። በመጨረሻ የካቡ ሁለት ጫፎች ወደ ዳገቱ ታጠፍ ይላሉ፤ አለዚያ ውሃው ዞሮ ያመልጣል።

ሲሚንቶ የለበትም፣ ጭቃም የለበትም። ቢኖርበት ግድብ በሆነ ነበር፤ ግድብ ደግሞ ሲሞላ ያው ንዶት መውጣቱ ነው። ካቡ ውሃውን በየስንጥቁ እያሾለከ ያሳልፈዋል፤ ፍጥነቱን ተነጥቆ የሚያልፍ ውሃ የያዘውን አፈር ጥሎ ይሄዳል። አፈሩ ከካቡ ጀርባ ሲሞላ ባለ ማሳው አንድ ሁለት መደዳ ይጨምርበታል። ማሳው ከዓመት ዓመት እየተደለደለ፣ ካቡም እያደገ ይሄዳል። በትግራይ ደጋ በ202 ማሳዎች ላይ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ ጥናት የድንጋይ እርከን የአፈር መታጠብን በአማካይ በ68 በመቶ እንደቀነሰ ለክቷል። ከእርሻው በላይ ባለው ቀጥ ያለ ዳገት ላይ ሥራው ሌላ ነው፤ ውሃ የሚይዝ ቦይ (ትሬንች)፣ በግማሽ ጨረቃ ቅርጽ የሚሠራ ውሃ መያዣ፣ ከከብት የተከለለ ቁጥቋጦ።

በአገሪቱ የተፋሰስ ልማት መመሪያ ስሌት አንድ ኪሎ ሜትር የድንጋይ እርከን 250 የሰው ቀን ይፈልጋል። አንድ ሰው ድንጋይ ሲለቅም፣ ሲቆፍርና ሲክብ ውሎ የሚጨርሰው አራት ሜትር ነው ማለት ነው። በምግብ ለሥራ ዘመን የዚህ ቀን ዋጋ 3 ኪሎ ስንዴ ነበር፤ ስንዴው የሚሰፈረው ደግሞ በሜትር እንጂ በካቡ ጥራት አልነበረም። በዚያ ዘመን ከተካበው ብዙው ደርግ ሲወድቅ በገበሬው እጅ መፍረሱ እኔን አይደንቀኝም።

ገበሬው ቅሬታ አለው፤ እውነቱንም ነው። እርከን መሬት ይበላል፣ አይጥ ያራባል፣ በሬ ማዞሪያ ያሳጣል። ለአይጡ የሚሆን መላ አላየሁም። ለበሬው ግን ጥሩ ቀያሽ አስቀድሞ ያስባል፤ ካቡን በየስልሳ በየሰማንያ ሜትሩ ቆርጦ በር ይተውለታል። የላይኛውና የታችኛው እርከን በር ግን ፊት ለፊት አይገጥሙም። በሬው ዞር ብሎ ይወጣል፤ ውሃ አቋራጭ አያገኝም።