የአለመሸጥ ሙያ

ቴክሳስ ውስጥ ትንሽ የጦር መሣሪያ ሱቅ ማስተዳደር አብዛኛው የመዝገብ ሥራ ነው። የፌዴራል ፈቃዱ ለ3 ዓመት 200 ዶላር፣ እድሳቱ 90 ዶላር ነው፤ ከባዱ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። የገባ ጠመንጃ ሁሉ እስከ ማግሥቱ የሥራ ቀን ማብቂያ ከነመለያ ቁጥሩ ይመዘገባል። የጠፋ ወይም የተሰረቀ ካለ በ48 ሰዓት ውስጥ የጦር መሣሪያ ንግድን ለሚቆጣጠረው የፌዴራል መሥሪያ ቤት ለኤቲኤፍና ለአካባቢው ፖሊስ ይነገራል። ተቆጣጣሪዎች ሲመጡ መደርደሪያውን ከመዝገቡ ጋር ያመሳክራሉ። ይህን የተጋ ሰው ሁሉ ይወጣዋል።

ሙያው የሚፈተነው የፌዴራሉ የጦር መሣሪያ ሽያጭ ፎርም፣ ፎርም 4473፣ ባንኮኒው ላይ ሲዘረጋ ነው። የገዢውን ክፍል ገዢው ራሱ ይሞላል። ማንበብና መጻፍ ለማይችል ሌላ ሰው ሊሞላለት ይችላል፣ ሁለት ምስክሮችም ይፈርማሉ፤ ሻጩ ግን እጁን አያስገባም። ሌሊት ሱቃቸውን የሚጠብቁ፣ ባለ ግሪን ካርድ የሆኑ አባት የሚሆኑኝ ያገሬ ሰዎች ይመጣሉ። ግሪን ካርድ ያለው ሰው መግዛት ይችላል። ፎርሙን ሲያዩ ግን «የኛ ልጅ አይደለህ እንዴ? አንተው ሙላልኝ እንጂ» ይሉኛል። «ጋሼ፣ እኔ አንዲት መስመር ብጽፍልዎ ሁለታችንም እንጠየቃለን» እላለሁ። ቅር ይላቸዋል። ለቅሶና ሠርግ ላይ የምንገናኝ ሰዎችን ማስቀየም ከባድ ነው፤ ቢሆንም አልጽፍም።

ከዚህ የሚብሰው በሰው ስም የሚገዛ ሰው ነው። ጥንድ ሆነው ይገባሉ። ወንዱ ሽጉጡን ያነሳል፣ በእጁ ይመዝነዋል፣ ካዝናውን አውጥቶ ይመልሳል፣ ዋጋ ይከራከራል። ሴትዮዋ አንዴም አልነካችውም። ፎርሙ ሲመጣ ግን ብዕሩን የምታነሳው እሷ ናት፤ ትክክለኛዋ ገዢ እሷ መሆኗን የሚጠይቀው ቦታ ላይ ስትደርስ ቀና ብላ ታየዋለች። በራሷ ገንዘብ ገዝታ፣ መሣሪያ መያዝ ላልተከለከለ ባሏ ከልቧ ስጦታ ብትሰጥ ሕጉ አይከለክላትም። በሱ ገንዘብ፣ ለሱ ከሆነ ግን ገዢዋ እኔ ነኝ ብላ ፎርሙ ላይ መዋሸቷ ወንጀል ነው፤ እሱ መሣሪያ መያዝ የተከለከለ መሆኑን እያወቀች ከገዛችለት ደግሞ በ2022 የወጣው ሕግ እስከ 15 ዓመት እስራት ያስቀጣል። እኔን የሚያስጨንቀኝ ከእስራቱ ይልቅ ሰውየው በገዛ ስሙ ያልገዛበት ምክንያት ነው። ፎርሙን አንስቼ «ዛሬ አልሸጥላችሁም» እላለሁ። ማስረጃ እንዳቀርብ የሚጠይቀኝ የለም፤ ጥርጣሬዬ ይበቃል።

ከዚያ የገዢውን ታሪክ የሚመረምረው የኤፍቢአይ ማጣሪያ አለ። መልሱ «ቀጥል»፣ «ቆይ» ወይም «አይሆንም» ነው። ሽጉጥ ለመግዛት 21 ዓመት የሞላው ሰው «ቆይ» ከተባለ፣ 3 የሥራ ቀናት አልፈው መልስ ካልመጣ ሕጉ መሸጥን ይፈቅዳል፤ አያስገድድም። በ2015 ቻርልስተን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ 9 ሰዎችን የገደለው ወጣት ሽጉጡን የገዛው በዚህ ክፍተት ነው። ሻጩ ሕግ አልጣሰም። እኔ ግን ይህን ካወቅሁ በኋላ ሕግ ፈቅዶልኛል ብዬ መሸጥ አይሆንልኝም። ከሱቄ መልስ ሳይመጣ ሽጉጥ አይወጣም።

ይህ አቋሜ አንዳንዱን ንጹሕ ሰው እንደሚያጉላላ አውቃለሁ። ስሙና የአባቱ ስም ከሌላ ሰው ጋር በመመሳሰሉ ብቻ በየጊዜው «ቆይ» የሚባል አለ። ለእንዲህ ያለው ሰው ኤፍቢአይ ልዩ መለያ ቁጥር የሚሰጥበት አሠራር ስላለው፣ ቁጭ አድርጌ አሠራሩን አስረዳዋለሁ። ማመልከቻው ፎርም 4473 ስላልሆነ፣ እሱን ስንሞላ አጠገቡ ሆኜ በአማርኛ አግዘዋለሁ።