ከርስት የተነቀለ ታሪክ፦ የጄምስ ኩዊሪን የቤተ እስራኤል ጥናት

ስለ ቤተ እስራኤል የተጻፈው አብዛኛው ድርሳን «ከየት መጡ?» በሚል ጥያቄ ዙሪያ ሲሽከረከር ኖሯል። ታሪክ ጸሐፊው ጄምስ ኩዊሪን፣ እ.ኤ.አ. በ1977 ለሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ካቀረቡት የዶክትሬት ጥናት አንሥቶ በ1992 እስከታተመው መጽሐፋቸው ድረስ፣ የደከሙት ይህን ጥያቄ ከመንበሩ ለማውረድ ነው። በምትኩ ያነሡት ለእኛ ይበልጥ የሚከብድ ነው፤ ይህን ሕዝብ ከጎረቤቱ የለየው ምንድን ነው?

መልሳቸው በዋናው ርስት ነው። በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ፣ በዐፄ ይስሐቅ ዘመን፣ ያልተጠመቀ የአባቱን ርስት እንዳይወርስ ተደነገገ የሚለውን ትውፊት በቀላሉ አላለፉትም። መሬቱን ያጣው ገበሬ ወደ ብረት፣ ወደ ሸክላና ወደ ሽመና ተገፋ፤ ማረሻውን የሚገዛው ጎረቤቱም ቡዳ ይለው ጀመር። እዚህ ኦክላንድ፣ አፕታውን፣ አንድ ምሽት በመጽሐፉ ላይ ስንወያይ አንድ የጎንደር ሰው የእናታቸውን ጀበና የሠራችውን ሴት አስታወሱ። ስሟን ግን አያውቁትም።

የሥራው ክብደት ከቃል ታሪኩ ይመነጫል። ዜና መዋዕሎቹን ያስጻፈው አሸናፊው ነው፤ ኩዊሪን ግን መንደሮቹ ገና ሰው ሳሉባቸው በጎንደር አካባቢ ሽማግሌዎችን ጠይቀው የሁለቱን ወገን ቃል ጎን ለጎን አኖሩ። መጽሐፉ ሲወጣ፣ በግንቦት 1991 ከ14,000 በላይ ሰዎች በ36 ሰዓት ውስጥ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ተወስደው ነበር። የአውሮፓ አይሁድ ታሪክ ጸሐፊዎች ከናዚው እልቂት በኋላ የጠፉ ከተሞችን ከተረፈ መዝገብ ለማቆም ተገደዋል። የእኛው ፍልሰት ነው፤ ከእልቂት ጋር ማመሳሰል ስሕተት ይሆናል። ምስክር ከቀዬው ሳይነሣ መጠየቁ ምን ዋጋ እንዳለው ግን ከእነርሱ ድካም ይታያል።

ቅሬታዬ የሕንድን ማኅበራዊ ሥርዐት ለመግለጽ በተለመደው «ካስት» በሚለው ቃል ላይ ነው። ራሳቸው ያቀረቡት ማስረጃ ይቃወመዋል፤ በጎንደር ነገሥታት ዘመን ቤተ እስራኤል ግንበኞችና አናጺዎች መሬትና ማዕረግ አግኝተዋል። ዕድላቸው ያሽቆለቆለው የቤተ መንግሥቱ ጉልበት በዘመነ መሳፍንት ሲደክም ነው። በልደት የታሰረ ደረጃ እንዲህ አይወጣም፣ አይወርድም።

ከዚህ የሚብሰው መጽሐፉ በ1920 መቆሙ ነው። በርስት መነጠቅ የተጀመረው ትረካ፣ ጭሰኛውን የመሬት ባለይዞታ ያደረገው የ1975ቱ ዐዋጅ ዘንድ ሳይደርስ ያበቃል። መሬት ባገኙ በ10 ዓመት ውስጥ ሺዎች ለምን በእግራቸው ወደ ሱዳን እንደ ወረዱ፣ ርስትን ቁልፍ ያደረገ ታሪክ ጸሐፊ ሊጠየቅ የሚገባው ይህን ነበር።