ቤተ መንግሥቱ ወይስ ምጣዱ?

ከሐዴራ በስተሰሜን ጥቂት ኪሎ ሜትር ብቻ የምትርቀውን ቂሳርያን ያልጎበኘ ከመካከላችን ጥቂት ነው። ልጆቻችንም ሄሮድስ ያሠራውን ቤተ መንግሥት፣ ቲያትሩንና የፈረስ መሽቀዳደሚያውን አይተው ይመለሳሉ። ይሁን እንጂ በዚያ የኖረው ተራ ሰው ምን ይበላ፣ በምን ይጠጣ እንደ ነበር ሲጠየቁ ብዙዎቹ ዝም ይላሉ። ይህን ጥያቄ አጥጋቢ አድርጋ የምትመልሰው በኢጣልያ የምትገኘው የሮማውያን ከተማ ፖምፔይ ናት።

ቬሱቪየስ የተባለው እሳተ ገሞራ በ79 እ.ኤ.አ. ፈንድቶ ፖምፔይን በአመድና በድንጋይ ቀበራት። ቁፋሮው ከተጀመረበት ከ1748 ወዲህ የተገኘው የቤተ መንግሥት ጌጥ ብቻ አይደለም። ከአንድ ዳቦ ቤት ምድጃ ከሰል የመሰሉ 81 ዳቦዎች ወጥተዋል። በየግድግዳው «እገሌን ምረጡ» የሚል ጽሑፍ ይነበባል። በ2020 በተገለጠ አንድ የመንገድ ዳር ምግብ ቤት ደግሞ በእንስራዎቹ ውስጥ የዳክዬ፣ የፍየል፣ የአሳማና የዓሣ ቅሪት ተገኝቷል።

ሁለቱ ከተሞች ዝምድና አላቸው። የቂሳርያ ወደብ ሲሠራ ከኖራ ጋር ተደባልቆ በባሕር ውስጥ የጠነከረው የእሳተ ገሞራ አመድ በመርከብ የመጣው ከኔፕልስ ባሕረ ሰላጤ አካባቢ ነው። በቂሳርያ ተቀምጦ ይገዛ የነበረው የፊልክስና የሚስቱ የድሩሲላ ልጅ አግሪጳም በቬሱቪየስ ፍንዳታ መሞቱን ታሪክ ጸሐፊው ፍላቪየስ ዮሴፉስ ገልጿል።

ትችታችን ግን በራሳችንም ላይ ነው። ስለ ቅርሳችን በሚዘጋጁ ዐውደ ርእዮች ብዙ ጊዜ የሚደረደረው ለዓይን ያማረው ነው፦ እንጀራ ቀርቦበት የማያውቅ አዲስ መሶብ፣ በጎንደር አጠገብ በወለቃ ለቱሪስት ይሸጡ የነበሩ የሸክላ ምስሎች። ምስሎቹ የእናቶቻችን የእጅ ሥራ ናቸውና አንንቃቸውም። ነገር ግን እነዚሁ እናቶች ለቤትና ለገበያ የሠሩት፣ ጥላሸት የጠገበው ምጣድ፣ ውኃ የተቀዳበት እንስራ የት አለ? አፈሩ ከየት እንደ መጣ፣ ሸክላው እንዴት እንደ ተተኮሰ የሚያስረዳ ጽሑፍስ ለምን አጠገቡ አይቀመጥም?

የእኛን መንደሮች አመድ አልሸፈናቸውም። በግንቦት 1991 እ.ኤ.አ. በዘመቻ ሰሎሞን ከ14,000 በላይ ወገኖቻችን በ36 ሰዓት ገደማ ሲመጡ፣ ምጣድ ተሸክሞ አውሮፕላን የገባ የለም ማለት ይቻላል። ዕቃው እዚያው ቀረ። አሠራሩንና አገልግሎቱን የሚያውቁት አያቶች ግን እዚሁ ሐዴራ አጠገባችን ናቸው። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል እንዲሉ፣ ቂሳርያ ድረስ ሄደን የማናውቀውን ስንጠይቅ በቤታችን ያለውን ዘነጋን።

ስለዚህ ወላጆችን የምናሳስበው አንድ ነገር ነው። ልጆች ከጉብኝት ሲመለሱ አያታቸው ዘንድ ይቀመጡ፤ «እማማ፣ ምጣዱን በምን ያስሱት ነበር?» ብለው ይጠይቁ፤ መልሱንም በዐማርኛና በዕብራይስጥ ይጻፉት። የፖምፔይን ዳቦ አመድ ጠብቆታል። የእኛን ምጣድ ካልጻፍነው የሚጠብቅልን የለም።