በወንበዴዎች ሲኒማ ውስጥ ያሉትን ኦቶሞቢሎች ስለ መለየት

የቆቦና የራያ ቆላ ሰው ኦቶሞቢልን በመልኩ መለየትን የተማረው ከመንገዱ ነው። ከአሥመራ ተነሥቶ በአላማጣና በቆቦ ወደ ወልድያ ያልፍ የነበረውን ፊያት 634 የጭነት መኪና በኢጣልያኖቹ ቍጥር «ትሬንታ ኳትሮ» ብሎ ሰየመው።

እንዲህ ያለ ዓይን ያለው ተመልካች፥ ፍራንሲስ ፎርድ ኮፖላ በኤውሮጳ አቈጣጠር በ1972 ያወጣውን «ጎድፋዘር» የተባለውን ሲኒማ ቢያይ ከቃሉ ይልቅ ከብረቱ ብዙ ያነባል። የአለቃው የበኵር ልጅ ሳኒ በመንገድ ቀረጥ መክፈያው በር በጥይት የተደበደበው በ1941 በተሠራ ሊንከን ኮንቲኔንታል ነው፤ ምልክቱም ከኋላው ቆሞ የተሸፈነው ስኮርታ ጎማ ነው። ታሪኩ ከጦርነቱ በኋላ ነውና «ዘመኑ አይገጥምም» የሚል ይኖር ይሆናል። ነገር ግን የአሜሪካ ፋብሪካዎች በ1942 ለጦርነቱ ሲሉ የግል ኦቶሞቢል መሥራትን ስላቆሙ፥ ባለጸጋ በቀድሞው ባለ ዐሥራ ሁለት ሲሊንደር ቢኰራ አያስገርምም። ከ1946 ወዲህ የወጣው ደግሞ የፊቱ ፍርግርግ ስለ ከበደ ወዲያው ይለያል።

በሲሲልያ የሚታየው አልፋ ሮሜዮ ግን ከዚህ ይበልጣል። ሊንከኑ የሳኒ ኵራት ነው፤ ገዳዮቹም አድብተው የጠበቁት ራሱን ነው። በአልፋው ላይ የተጠመደው ሞት ግን ለማይክል ሆኖ ሳለ፥ መንዳት መማሯን ልታሳየው የፈለገች ወጣት ሚስቱ አፖሎንያ ሞተሩን አስነሥታ በፈንጂው ትጠፋለች። በዚህ ስፍራ የኦቶሞቢሉን ስም ማወቅ ለተመልካቹ ምንም አይረዳውም።