የትእዛዝ መመሪያ ገጽና አዲሱ አንባቢው፦ ለሰው ሠራሽ አስተውሎት ወኪሎች ሰነድ ስለሚያቀርቡ መሣሪያዎች ሂሳዊ ምልከታ

የዩኒክስ መመሪያ ገጽ፣ የመጀመሪያው እትም እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1971 በኬን ቶምፕሰንና በዴኒስ ሪቺ ከተዘጋጀበት ጊዜ አንሥቶ ቅርጹ ብዙም ያልተለወጠ የጽሑፍ ዘውግ ነው። የትእዛዙ ስም ይቀድማል፤ የአጻጻፉ ቀመር ይከተላል፤ መግለጫው ይቀጥላል፤ ወደ መጨረሻው ገደማ የታወቁ ጉድለቶች ያለ ኀፍረት ይዘረዘራሉ። ዘውጉ ለጀማሪ አይራራም፤ የተጻፈው የሚሻውን አስቀድሞ ለሚያውቅ፣ ነገር ግን አንዲት ምርጫ ለዘነጋ ባለሙያ ነው። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2024 አንትሮፒክ ሞዴል ኮንቴክስት ፕሮቶኮል የተሰኘውን ክፍት የግንኙነት ደንብ ይፋ ካደረገ ወዲህ ደግሞ ለዚህ ዘውግ ያልታሰበ አንባቢ መጥቶለታል። የትእዛዝ ስም ተቀብለው የመመሪያውን ገጽ ለቋንቋ ሞዴል የሚመልሱ ትንንሽ አገልጋዮች ተበራክተዋል።

የመሣሪያዎቹ አስፈላጊነት አያከራክርም። የቋንቋ ሞዴል ስለ ትእዛዞች በቃሉ የያዘው የብዙ ስሪቶችን ድብልቅ ነው። ‹ሴድ› የተባለው የጽሑፍ አራሚ ፋይልን በቦታው እንዲለውጥ የሚያደርገው ‹አይ› የተሰኘ ምርጫ በሊኑክስ ላይ ባለው የጂኤንዩ ስሪት የመጠባበቂያ ቅጥያ ሳይሰጠው ይሠራል፤ በማክ ላይ ያለው ስሪት ግን ቅጥያውን፣ ባዶም ቢሆን፣ የግድ ይጠይቃል። የሊኑክሱን ልማድ በማክ ላይ የሚደግም ወኪል የእርማቱን ቀመር ራሱን ቅጥያ ያደርገዋል። እዚያው ማሽን ላይ የተጫነውን ገጽ የሚያነብ መሣሪያ ይህን ስሕተት ያስቀራል። ከአንድ ቋሚ ስብስብ የሚቀዳ መሣሪያ ግን ስሕተቱን ማስረጃ አልብሶ ይመልሰዋል፤ ይህም ከመርሳት የከፋ ነው። ገጹን የሚያወጣው ትእዛዝ ‹ማን› መባሉ በአማርኛ ጆሮ ጥያቄ ይመስላል፤ እዚህ ላይ ጥያቄው ተገቢ ነው። ገጹን ማን ጻፈው? ለየትኛውስ ስሪት? መልሱ ከገጹ ጋር አብሮ ለወኪሉ ሊደርስ ይገባል። የሞክሼ ስሞች ችግርም ከዚሁ ይመደባል፦ ‹ፕሪንትኤፍ› በ1ኛው ክፍል የተርሚናል ትእዛዝ፣ በ3ኛው ክፍል የሲ ቋንቋ ተግባር ሲሆን፣ የክፍል ቁጥር የማይቀበል መሣሪያ ሁለተኛውን ለሚፈልግ ወኪል የመጀመሪያውን ያቀብላል።

ከዚህ የጠለቀው ጉዳይ የግሱ ነው። የፋይል ማጥፊያው ‹አርኤም› ‹ኤፍ› የተሰኘ ምርጫ አለው፤ የጂኤንዩ ገጽ ሥራውን የሚገልጸው የሌሉ ፋይሎችን ችላ ስለ ማለትና ፈጽሞ ስላለመጠየቅ በሚናገሩ፣ ባለቤት በሌላቸው ባዶ የእንግሊዝኛ ግሶች ነው። አማርኛ እንዲህ ያለውን ማድበስበስ በቀላሉ አይፈቅድም። ተርጓሚው «ችላ በል፣ ፈጽሞ አትጠይቅ» ወይም «ችላ ይላል፣ ፈጽሞ አይጠይቅም» ብሎ መምረጥ፣ አለዚያም በንኡስ አንቀጽ ተከልሎ ማለፍ ይኖርበታል። ተርሚናል ፊት የተቀመጠ ሰው፣ የማይጠይቀው ፕሮግራሙ እንጂ እርሱ እንዳልሆነ ከዐውዱ ይረዳል። ወደ ሞዴሉ የሚገባው የገጹ ጽሑፍ ግን ከተጠቃሚው ትእዛዝ ጋር በአንድ ጅረት ይፈስሳል፤ ከውጭ የመጣ ጽሑፍ እንደ ትእዛዝ መወሰዱም በዘርፉ የታወቀ የደኅንነት ችግር ነው። ሞዴሎች ልዩነቱን አብዛኛውን ጊዜ ይለዩታል ቢባል እንኳ፣ በፋይል ማጥፊያ ላይ «አብዛኛውን ጊዜ» በቂ አይደለም። ማንም ያዘጋጀው ጥቅል የራሱን ገጽ ይዞ ሊመጣ ስለሚችል፣ መሣሪያው ገጹን ጥሬውን ከማፍሰስ ይልቅ የሌላ ሰው ንግግር መሆኑን በግልጽ ለይቶ ማስረከብ አለበት።

በግእዝ ፊደል የተጻፉ የጽሑፍ ስብስቦችን ለሚያዘጋጁ ደግሞ ሌላ አደጋ አለ። ‹ደብሊውሲ› የተሰኘው ቆጣሪ ‹ሲ› በተባለው ምርጫው ባይት ይቆጥራል፤ ፊደል የሚቆጥርለት ‹ኤም› ነው። ‹ከት› የተሰኘው ቆራጭ ግን ያንኑ ‹ሲ› ፊደል ለመቁረጥ ይጠቀምበታል፤ አጭሩ የጂኤንዩ ገጽም ይህንኑ ይናገራል። ይሁንና የጂኤንዩው ‹ከት› ለብዙ ዘመን ሲቆርጥ የኖረው ባይት ነው። ይህን የሚያምነው ረጅሙ መመሪያ ሲሆን፣ ሁለቱ ምርጫዎች «ለጊዜው» አንድ እንደሆኑ በጥቂት ቃላት ያሳውቃል። አንዳንድ አከፋፋዮች በየራሳቸው ማስተካከያ አርመውታል። በዩቲኤፍ 8 አንድ የግእዝ ፊደል 3 ባይት ስለሚይዝ፣ «ሰላም» 3 ፊደል፣ 9 ባይት ነው። ስለዚህ ያልታረመው ‹ከት› የመጀመሪያዎቹን 3 ፊደላት ቁረጥ ሲባል «ሰ»ን ብቻ ይመልሳል፤ 2 ቢባል ደግሞ ማንም የማያነበውን የፊደል ስባሪ ይተዋል።

ወኪሉ በዚህ ሁሉ መሐል አንዳች ጥፋት አልፈጸመም፤ ሰነዱን ጠየቀ፣ አነበበ፣ የተባለውን አደረገ። በእንግሊዝኛ ጽሑፍ ቢፈተንም አንድ ፊደል አንድ ባይት ስለሆነ ውጤቱ ትክክል ይወጣል፤ ጉዳቱ የሚታየው የአማርኛው ወይም የትግርኛው ስብስብ ከተቆራረጠ በኋላ ነው። ጥፋቱ አጭሩን ገጽ የትእዛዙ ሙሉ ሰነድ አድርጎ ያቀረበው መሣሪያ ነው። ረጅሙን መመሪያ ከአጭሩ ጋር ማምጣት ለሠሪዎቹ ቀላል ማሻሻያ ነው። ከዚያ የሚበልጠው ግን ወኪሉ ገጹን ካነበበ በኋላ ትእዛዙን በአንድ የግእዝ ቃል፣ ለምሳሌ በ«ሰላም»፣ ቅጂ ላይ ሞክሮ የወጣውን ፊደል እንዲቆጥር የሚፈቅድ ሁለተኛ ተግባር ከንባቡ ጎን ማኖር ነው።