የአንድሩስ ቱቦ

መሣሪያው ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት የመስታወት ቱቦዎች ነው። ውስጣቸው ጠባብ፣ ግድግዳቸው ወፍራም ነው። በአንደኛው ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ በሌላው አየር አለ። የላይኛው ጫፋቸው በእሳት ተደፍኗል። ጋዙን ከታች የሚዘጋው ሜርኩሪ ነው፤ ከሜርኩሪው ሥር ውሃ አለ፤ ውሃው ውስጥ የብረት ብሎን ይገባል። ብሎኑ ሲጠብቅ ውሃው ሜርኩሪውን፣ ሜርኩሪው ጋዙን ይገፋል። የአየሩ ቱቦ የግፊት መለኪያ ነው። አየርም ቢሆን፣ ግፊት ሲጨምር ይዘት በዚያው መጠን ይቀንሳል ከሚለው የቦይል ሕግ ትንሽ ያፈነግጣል፤ የመሣሪያው ባለቤት ይህን አልዘነጋውም።

ባለቤቱ በቤልፋስት ኩዊንስ ኮሌጅ ኬሚስትሪ ያስተምር የነበረው ቶማስ አንድሩስ ነው፤ ውጤቱን ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1869 ነው። ቱቦውን ከመድፈኑ በፊት ንጹሕና ደረቅ ጋዝ ለሰዓታት ያሳልፍበት ነበር። አየር ከቀረበት ልኬቱ ይበላሻል፤ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ፈሳሽ ሲሆን አየሩ ጋዝ እንደሆነ ይቀራልና።

እኔን ከመስታወቱ ይልቅ የሚያስደንቀኝ የብሎኑ መግቢያ ነው። ብሎኑ ይዞራል፤ ከ100 አትሞስፌር በላይ የተጨመቀው ውሃ ግን መውጣት የለበትም። መካኒኮቻችን ጓርኒሲዮን የሚሉትን ሥራ እዚህ የሚሠሩት ተደራርበው የተጠቀጠቁ የቆዳ ቀለበቶች ናቸው። አስቀድሞ ቆዳው አየሩ ተመጥጦለት የቀለጠ የአሳማ ስብ እንዲጠጣ ተደርጓል። አየሩ ባይወጣ ስቡ መግቢያ አያገኝም ነበር።

በ13.1 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ብሎኑ ሲጠብቅ ጋዙ ሕጉ ከሚለው በላይ ይኮማተራል። 49 አትሞስፌር ገደማ ሲደርስ ይዘቱ ከሚጠበቀው ከ5 እጅ 3 እጁን ጥቂት ቢበልጥ ነው። ከዚያ ፈሳሽ ይታያል፤ ብሎኑ ቢዞርም ግፊቱ እምብዛም አይጨምርም። በ30.92 ዲግሪ በፈሳሹና በጋዙ መካከል ያለው መስመር ይጠፋል። ግፊቱ በድንገት ሲላላ፣ ፀሐይ ባጋለው አስፋልት ላይ እንደሚርገበገበው አየር፣ ቱቦው በሚንቀሳቀሱ ጭረቶች ይሞላል። በ48.1 ዲግሪ ሁሉም ጸጥ ይላል፤ ጋዙ ቢጨመቅም ፈሳሽ አይለይለትም።

መስመሩ በሚጠፋበት ወሳኝ ነጥብ፣ በ73 አትሞስፌር ግድም፣ አንድ ሞል ካርቦን ዳይኦክሳይድ በሐሳባዊ ጋዝ ሕግ ስሌት 343 ሚሊ ሊትር ቦታ መያዝ ነበረበት። የሚይዘው 94 ነው። ሕጉ ሞለኪውሎችን ቦታ የማይይዙ፣ እርስ በርስ የማይሳሳቡ አድርጎ ስለሚቆጥር ነው የሚስተው። ሆላንዳዊው የፊዚክስ ሊቅ ቫን ደር ዋልስ እ.ኤ.አ. በ1873 ለላይደን ዩኒቨርሲቲ ባቀረበው ጽሑፍ ሁለት እርማቶችን ጨመረ፤ አንዱ ለመሳሳቡ፣ ሌላው ለሞለኪውሎቹ የራስ ይዘት። ስሌቱን ያመሳከረው በአንድሩስ ቁጥሮች ነበር። ለመስመሩ መጥፋት ምክንያት ቢሰጥም፣ የእሱ እኩልታ በዚያ ነጥብ የሚሰጠው ይዘት 128 ሚሊ ሊትር አካባቢ ነው። ተመራማሪዎቹ ስፓንና ዋግነር እ.ኤ.አ. በ1996 ለዚሁ ጋዝ ያወጡት እኩልታ፣ ከሐሳባዊው ጋዝ ያለውን ልዩነት ብቻ ለመግለጽ 42 ቁጥራዊ ክፍሎች አስፈልገውታል።