ስለ «ግትር ውሃ» ስያሜና ስለ ልኩ አጻጻፍ

ካልሲየምና ማግኒዥየም የበዛበትን፣ ሳሙና አረፋ አልሰጥ የሚልበትን ውሃ «ከባድ ውሃ» የሚሉ ተርጓሚዎች አሉ፡፡ ይህ ስያሜ አይጸናም፤ ከባድ ውሃ ሃይድሮጅኑ በዲዩቴሪየም የተተካና በአንዳንድ የኑክሌር ማብላያዎች የሚሠራበት ሌላ ነገር ነውና፡፡ «ጠጣር ውሃ»ም ቢሆን ጠጣር፣ ፈሳሽ፣ ጋዝ ብሎ ለተማረ አንባቢ በረዶ ነው፡፡ «ጨዋማ ውሃ» ደግሞ ጭራሹን ያሳስታል፤ የአቢጃታና የሻላ ሐይቆች እጅግ ጨዋማ ሲሆኑ፣ ጨዋቸው በአብዛኛው የሶዲየም በመሆኑ ካልሲየማቸውና ማግኒዥየማቸው ጥቂት ነው፡፡ እኛ «ግትር» እና «ገር» የሚለውን ጥንድ እንመርጣለን፡፡ («ለስላሳ» የሚለውን ቃል በጠርሙስ የሚሸጠው መጠጥ ከወሰደው ቆይቷል፡፡)

ይሁን እንጂ በስሙ ስንከራከር ዋናው ስሕተት ሳይታይ ያልፋል፤ ስሕተቱም ያለው በልኩ አጻጻፍ ላይ ነው፡፡ የአንድ ውሃ ግትርነት በሊትር 200 ሚሊግራም ነው ሲባል፣ ቁጥሩ ብዙውን ጊዜ በካልሲየም ካርቦኔት የተተመነ ነው፡፡ ተርጓሚው ይህን «በሊትር 200 ሚሊግራም ካልሲየም ካርቦኔት አለ» ብሎ ከጻፈ ተመኑን ከይዘቱ ጋር አደባለቀ፡፡ የበሬን ዋጋ በብር ስንናገር በበሬው ሆድ ውስጥ ብር አለ ማለታችን አይደለም፡፡

ጉዳቱ በስሌቱ ላይ ይታያል፡፡ አንድ ሚሊሞል ካልሲየም ካርቦኔት 100 ሚሊግራም ያህል ስለሚመዝን፣ 200 ሚሊግራም ማለት 2 ሚሊሞል ነው፤ ይኸውም የካልሲየምና የማግኒዥየም አዮኖች ድምር ነው፡፡ ማግኒዥየሙ 0.5 ሚሊሞል መሆኑ በሌላ ምርመራ ከታወቀ፣ ለካልሲየም 1.5 ይቀራል፤ ይህም በ40 ተባዝቶ በሊትር 60 ሚሊግራም ይሆናል፡፡ «ካልሲየም ካርቦኔት አለ» የተባለው ተማሪ ግን ሁለቱንም ሚሊሞል ለካልሲየም ሰጥቶ 80 ይላል፡፡ ማባዛቱ ትክክል ነው፤ ያሳሳተው ዓረፍተ ነገሩ ነው፡፡

«ዲግሪ» የሚለውንም ብቻውን መተው አይበቃም፤ አንድ የጀርመን ዲግሪ በሊትር 10 ሚሊግራም ካልሲየም ኦክሳይድ ሲሆን፣ የፈረንሳዩ ግን 10 ሚሊግራም ካልሲየም ካርቦኔት ነው፡፡ ስለዚህ ከቁጥሩ ቀጥሎ «በካልሲየም ካርቦኔት ተመን» ወይም «በካልሲየም ኦክሳይድ ተመን» ተብሎ እንዲጻፍ እንጠይቃለን፡፡